መስቀልን በአታት፣ ባንኩን በፕሮክሲ!

ባለፈው መስቀል የት ነበራችሁ? መስቀል አደባባይ ደመራ አይታችሁ፣ ቦሌ ወርዳችሁ ፈታ ብላችሁ ከሆነ እሰየው። እኔ ግን አታት ነበርኩ። «አታት ደግሞ የት ነው?» የሚል ካለ የጉራጌ ጓደኛ የለውም ማለት ነው!

የወሰደኝ የድሮ የክፍል ጓደኛዬ ነው። ስሙን አልነግራችሁም፣ እንዳልነግራችሁም አስምሎኛል። ፍራንክፈርት ከገባ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ከሄደ ወዲህ መስቀልን አገር ቤት ሲያከብር ይህ የመጀመሪያው ነበር። ለጉራጌ ልጅ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ? መርካቶን ዘግቶ የሚሄድ ሕዝብ እኮ ነው! የዓመቱ ቁጠባ፣ የዓመቱ ናፍቆት፣ የዓመቱ ኩርፊያ ሳይቀር ተጠራቅሞ የሚፈታው በዚያች ሳምንት ነው። ዘጠኝ መስቀል የቀረ ልጅ ደግሞ በአሥረኛው ባዶ እጁን አይገባም።

ወዳጄ ያሰበው ሰንጋ ነበር። ለአባቱ፣ በገዛ እጁ መርጦ፣ በገዛ ገንዘቡ። ሌላም ጉዳይ ነበረው፤ ታናሽ እህቱ መውለጃዋ ደርሶ አታት ሆስፒታል ግቢ ካለው የእናቶች ማቆያ ገብታለች። ለእሷም ጎንበስ ቀና ሊል ነው። ይህን ሁሉ «ከባንኬ በካርዴ እያወጣሁ እችለዋለሁ» ብሎ ነው የመጣው። ጥሬ ገንዘብ ይዞ መዞር ፋራነት መስሎት!

ሳይሆን ቀረ። ምን እንደደረሰበት ስለ አገሩም እያጫወትኳችሁ እነግራችኋለሁ። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ያላችሁ፣ ነገ ተነገ ወዲያ ደግሞ ራሳችሁ ዱባይም ሆነ አውሮፓ የምትሄዱ፣ እስቲ ጆሮ ስጡኝ።

«ካርድ አለኝ»

በጠዋት ተነስተን የጅማን መንገድ ያዝን። አለም ገና፣ ሰበታ፣ ቱሉ ቦሎ፣ ከዚያ ወሊሶ ላይ ቁርስ። መስከረም ላይ ይሄ መንገድ ልብ ይሰርቃል፤ ግራና ቀኙ ማሳ አረንጓዴ፣ ዳር ዳሩ አደይ አበባ። ወልቂጤ ከአዲስ አበባ 158 ኪሎ ሜትር ነው ይባላል። የመስቀል ሰሞን ግን ኪሎ ሜትሩን ማንም አይቆጥረውም፣ ከፊት የቆመውን መኪና ነው የሚቆጥረው።

ሚኒባሱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዕቃ ታቅፏል። አንዱ ለእናቱ ጋቢ፣ አንዱ ለአባቱ ጃኬት፣ አንዷ ሲኒዎቿን በጨርቅ ጠቅልላ ጭኗ ላይ አስቀምጣለች። ወዳጄ ብቻ እጁ ባዶ ነው። «ካርድ አለኝ» ይለኛል ኪሱን መታ እያደረገ። እኔም አመንኩት። ከጀርመን የመጣ ሰው አይታመን እንዴ?

ወልቂጤ ስንደርስ ገበያው ሰው በሰው ሆኗል። ቅቤ በእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ፣ ቆጮ፣ ሚጥሚጣ፣ ክትፎ የሚበላበት ጣባ በየመልኩ ተደርድሯል። ወዳጄ በቀጥታ ኤቲኤም ጋ ሄደ። ካርዱን አስገባ። ማሽኑ አሰበ፣ አሰበና መልሶ ተፋለት። ሌላ ባንክ ሄደ፣ እዚያም ተፋለት። ሦስተኛው ላይ ላብ አጠመቀው።

ኋላ እንደገባን፣ አንዳንድ የአውሮፓ ባንኮች ካርዱን ከአውሮፓ ውጭ እንዳይሠራ አድርገው ነው የሚሰጡት። ሌባ ካርዱን ገልብጦ ሩቅ አገር እንዳያወጣበት ነው። ባለቤቱ መንገድ ሊወጣ ሲል በባንኩ ገጽ ገብቶ «ይህን አገር ክፈቱልኝ» ማለት አለበት። የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። ወዳጄ ግን አላለም።

«አሁን ይክፈተዋ!» ትሉ ይሆናል። እኛም እንደዚያው ነው ያልነው። በስልኩ የባንኩን ገጽ ቢከፍት፣ ካሉበት አካባቢ መግባት አይቻልም የሚል ጽሑፍ መጣ። የባንኩን አፕ ላውርድ ቢል፣ ለጉዞው ብሎ የገዛው ስልክ አዲስ ነው፤ አፑ በአዲስ ስልክ ሲገባ ማረጋገጫ ኮድ ይጠይቃል፤ ኮዱ የሚመጣው በጀርመን ቁጥሩ ነው፤ የጀርመኑ ሲም ደግሞ ፍራንክፈርት መሳቢያ ውስጥ ተኝቷል! የአገር ቤት ሲም ሲያስገባ አውጥቶ ትቶት ነው የመጣው። ሁለት ሲም የሚይዝ ስልክ ገዝቶ!

እንግዲህ በዚህ ጭንቀት ውስጥ ሆነን ነው ከአንድ ፎቶ ኮፒ ቤት የገባነው። ልጁ ደግና ተግባቢ ነበር፣ በክፉ ላነሳው አልፈልግም። «ይሄማ ቀላል ነው» አለና በራሱ ኮምፒዩተር አንድ ነፃ የፕሮክሲ ገጽ ከፈተለት። መሀሉ ላይ ባዶ ሳጥን አለ። የባንኩን አድራሻ ጻፈበት። ይግረማችሁ ብሎ ገጹ ግጥም ብሎ ተከፈተ! ወዳጄ የተጠቃሚ ስሙን ጻፈ፣ ፓስወርዱን ጻፈ፣ ገባ። ያለው ገንዘብ ከነሳንቲሙ ታየው። ልጁን ሊስመው ምንም አልቀረው።

ካርዱን ልክፈት ሲል ግን ያው ኮድ ተጠየቀ። እዚያው ቆመ። ያም ሆኖ ደስታው አልበረደም፤ «መንገዱን አገኘሁት፣ ኮዱን ደግሞ እናገኘዋለን» ብሎኝ ወደ አታት መኪና ያዝን።

ጀፎሮው ላይ

ከወልቂጤ በጉብሬ በኩል ወደ እምድብር በሚወስደው መንገድ 17 ኪሎ ሜትር ያህል ስትጓዙ አታትን ታገኟታላችሁ። መንገድ ካልኩ አይቀር፣ ይህ ሕዝብ ከመንገድ ጋር የተለየ ነገር አለው። በ1950ዎቹ ዓ.ም. መንግሥት እስኪሠራልን አንጠብቅም ብለው፣ ከሊስትሮው እስከ ትልቁ ነጋዴ ከኪሳቸው አዋጥተው መንገድ ማሠራት የጀመሩ ናቸው። መንገድ ዳር ለምትሸጠው አሮጊት ሳይቀር ይህን ብታነሱላት ኩራቷ ፊቷ ላይ ይነበባል።

ከዋናው መንገድ ገባ ስትሉ ደግሞ ሌላ መንገድ ይጠብቃችኋል፤ ጀፎሮ ይባላል። ያላየ ሰው አይገባውም። በሁለት ረድፍ በተሠሩ ጎጆዎች መሀል የተዘረጋ፣ ሰፊ፣ ሣር የለበሰ ሜዳ ነው። ከጎጆዎቹ ጀርባ እንሰት እንደ ጫካ ቆሟል፤ ከፊታቸው ግን ባዶ አረንጓዴ ነው። ማንም አያጥረውም፣ ማንም አያርሰውም። ሠርግ እዚያ ነው፣ ለቅሶ እዚያ ነው፣ ልጆች የሚጫወቱት እዚያ ነው። አንድ ሰው በጀፎሮው ላይ ሲመጣ ከሁሉም ደጃፍ ይታያል። እኛም ታየን። ገና ከሩቅ እልልታው ቀለጠ። እናቱ፣ በእነሱ አጠራር አዶት፣ ነጠላዋን እየጎተተች ስትሮጥ ወዳጄ ሣሩ ላይ ተንበረከከ። ይቅርታ አድርጉልኝና እኔም አለቀስኩ።

ያን ዕለት ማታ ደንጌሳት ነበር፤ ሴቶቹ ክትፎውን ከጎመን ጋር የሚያቀርቡበት ምሽት። ቅቤው፣ አይቡ፣ ቆጮው... ስለ ምግቡ ብጀምር ይህ ገጽ አይበቃኝም። እንዲያው በአጭሩ፣ ከተማ ውስጥ «ልዩ ክትፎ» እየተባለ የምንበላው ነገር ምን እንደሆነ ከዚያች ምሽት በኋላ ጥያቄ ሆኖብኛል።

ከምግቡ በኋላ ደጅ ወጥተን ስናወጋ ወዳጄ የፕሮክሲውን ጀብዱ አወራ። የአጎቱ ልጅ አብራን ነበረች፤ ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒዩተር ያጠናች ቆፍጣና ልጅ ናት። ሰምታ ሰምታ ፊቷ ተለዋወጠ።

«ጋሼ፣ ፓስወርድህን እዚያ ገጽ ላይ ጻፍከው?»

«አዎ። ምነው? የቁልፍ ምልክቱ እኮ ነበር!» አለ ወዳጄ።

«ቁልፉ ያለው በአንተና በፕሮክሲው መሀል ነዋ! በአንተና በባንኩ መሀል መቼ ሆነ?»

ከዚያ በኋላ ያስረዳችንን እኔ በገባኝ መጠን ልንገራችሁ። ፍርድ ቤት ደጃፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ማመልከቻ የሚጽፉ ሰዎችን ታውቃላችሁ አይደል? ቀርባችሁ ጉዳያችሁን ትነግሩታላችሁ፣ እሱ ይጽፋል፣ እሱ ያስገባል እንበል፤ መልሱንም እሱ ተቀብሎ ያነብላችኋል። ያልሰማው ነገር የለም። ነፃ የፕሮክሲ ገጽ ማለት እንደዚያ ነው። ወደ ባንኩ የሚሄደው የፕሮክሲው ባለቤት ኮምፒዩተር ነው እንጂ እናንተ አይደላችሁም። ገጹን አምጥቶ፣ ፈትቶ፣ አስተካክሎ ያሳያችኋል። የምትጽፉትም ፓስወርድ መጀመሪያ እሱ እጅ ይገባል። ሐቀኛ ከሆነ ያሳልፈዋል፤ ካልሆነ መዝግቦ ያስቀምጠዋል። በዚያ ላይ የሰው ኮምፒዩተር ነው፤ በቁልፍ ሰሌዳው የተጻፈውን ሁሉ የሚለቅም ፕሮግራም ቢኖርበት በምን ይታወቃል?

«ታዲያ ቪፒኤንስ?» አልኳት እኔ። እኔም እኮ ስልኬ ላይ አለኝ!

ቪፒኤን ይለያል አለች። ደብዳቤያችሁን በፖስታ አሽጋችሁ፣ ፖስታውንም በሌላ ከረጢት ከታችሁ፣ መልእክተኛ ላይ መጫን ነው። መልእክተኛው ከረጢቱን ቢከፍት የታሸገ ፖስታ ያገኛል፤ ወደ የትኛው ባንክ እንደሄደ ያውቃል፣ ውስጡን ግን አያነብም። ይህ የሚሆነው ግን ፖስታውን ራሳችሁ ካልከፈታችሁለት ነው። አፑ «ሰርተፍኬት ጫን» ካለና እሺ ካላችሁ፣ ወይም ስልኩ «ይህ ገጽ አያስተማምንም» ሲላችሁ በግድ ካለፋችሁ፣ ማኅተሙን በገዛ እጃችሁ ቀደዳችሁት ማለት ነው።

«ነፃው ደግሞ» አለች ሣሩን እየነጨች፣ «መልእክተኛው የሚበላው ከየት ነው ብለህ መጠየቅ አለብህ።» ይህቺ ልጅ ያነበበችው ብዙ ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. የአውስትራሊያው የምርምር ተቋም ሲኤስአይአርኦ ያለበት ቡድን 283 የአንድሮይድ ቪፒኤን አፖችን መርምሮ ነበር። 38 በመቶው ላይ የተንኮል ፕሮግራም ምልክት ታየ፤ 18 በመቶው ደግሞ መልእክቱን ጭራሽ አያመሰጥሩም ነበር! ስማቸው ቪፒኤን፣ ሥራቸው ባዶ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2015 እ.ኤ.አ.፣ ሆላ የሚባለው ታዋቂ ነፃ አገልግሎት የተጠቃሚዎቹን መስመር ለሌሎች ይሸጥ እንደነበር ታውቋል። በ2020 እ.ኤ.አ. ደግሞ «ምንም አንመዘግብም» የሚሉ ሰባት ቪፒኤኖች የደንበኞቻቸውን መዝገብ ሜዳ ላይ ጥለውት ተገኙ።

ወዳጄ ዝም አለ። እሷ ወደ ጀፎሮው አገጯን ቀሰረች። «እዚህ የሚመጣ ሰው ሁሉ ይታያል። አንተ ግን በሰው ጓሮ፣ በእንሰቱ ውስጥ አድርገህ ሄድክ።»

በዚያች ሌሊት የሚሻለው ባንኩን ወዲያው ደውሎ ማስጠንቀቅ ነበር። እሷም ብላዋለች። እሱ ግን «በዓል ነው፣ ሰኞ እደውላለሁ» አለ። ሰንጋውም በማግሥቱ በቃል ተገዛ። ሻጩ የአባቱ የረዥም ጊዜ ወዳጅ ስለሆኑ «የፈረንጅ አገር ልጅ ገንዘብ የት ይሄዳል!» ብለው ገመዱን ሰጡት። አዬ አባቴ...

ማቆያው ግቢ

ከሁለት ቀን በኋላ እህቱን ልንጠይቅ ሆስፒታሉ ሄድን። አታት ሆስፒታል በ1969 እ.ኤ.አ. የካቶሊክ የሕክምና ሚሲዮን እህቶች ያቋቋሙት ነው። ዙሪያውን ያለው የገጠር ሕዝብ ሲታመም እግሩ የሚያመራው ወደዚያ ነው። እኔን የገረመኝ ግን ማቆያው ነው። ከ1976 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነው። ምጥ ያሰጋቸዋል የተባሉ ነፍሰ ጡሮች ቀናቸው ሲቃረብ፣ ምጡ ሳይመጣ፣ ቀድመው መጥተው እዚያው ይጠብቃሉ። ከቤታቸው እንደሚኖሩት ያበስላሉ፣ ይጫወታሉ፣ ቡና ያፈላሉ። ምጡ ሲመጣ ሐኪም ዘንድ ለመድረስ ቃሬዛ የለ፣ ወንዝ የለ፣ ጥቂት እርምጃ ነው።

ይህ ቀላል ነገር መስሏችኋል? የዚህ ሆስፒታል የ22 ዓመት መዝገብ፣ ከ1987 እስከ 2008 እ.ኤ.አ. ያለው፣ ተጠንቶ በ2010 እ.ኤ.አ. ታትሟል። 24,148 ወላዶች ነበሩ። ከእነሱ ውስጥ 6,805ቱ በማቆያው የጠበቁ ናቸው። በማቆያው ከጠበቁት መሀል የእናቶች ሞት ሲሰላ ከ100,000 ወደ 90 ገደማ ሲሆን፣ በቀጥታ ከመጡት ግን 1,333 ነበር! እርግጥ ነው፣ በቀጥታ ከሚመጡት ብዙዎቹ ነገር ከተበላሸ በኋላ የሚመጡ ስለሆኑ ንጽጽሩ እኩል ለእኩል አይደለም። ቢሆንም ያችን ግቢ ቆሞ ያየ ሰው ቁጥሩን በሌላ ዓይን ያየዋል።

እህቱ ሆዷን ይዛ እየሳቀች ስትቀበለን፣ የወዳጄ ስልክ ጮኸ። ኢሜይል። ቀለሙ ተለወጠ። ባንኩ ሒሳቡን ዘግቶታል።

የእኔን ካርድ ሞልተን፣ የሆስፒታሉ ግቢ ዛፍ ሥር ተቀምጠን ወደ ጀርመን ደወለ። ሙዚቃ! በደቂቃ እየከፈልን ሙዚቃ ሰማን። በመጨረሻ አንዲት ሴትዮ ተገኘችና ነገሩን ነገረችው። ወልቂጤ ላይ ከገባ ከሁለት ሌሊት በኋላ፣ ሰው በትክክለኛው ፓስወርድ፣ ከሌላ፣ ሦስተኛ አገር ሦስት ጊዜ ሊገባ ሞክሯል። ገንዘብ ሊያዝም ሞክሯል። ያስቆመው ምን ይመስላችኋል? ኮዱ! ኮዱ የሄደው መሳቢያ ውስጥ ወደተኛው ሲም ነው። ወዳጄን ያን ሁሉ ያንከራተተው ሲም፣ ሌባውንም አንከራተተው።

«ታዲያ አዲስ ፓስወርድ ስጪኝ» አላት። ሴትዮዋ ትሑት ናት፤ ደንቡ ግን ደንብ ነው። አዲሱ የሚላከው በፖስታ ነው። በደብዳቤ፣ ወደ ተመዘገበው አድራሻ፣ ፍራንክፈርት!

ቀድሞ መዘጋጀት

ስለዚህ እናንተ እንደ ማቆያዎቹ እናቶች ሁኑ፤ ምጡ ሳይመጣ። ከመሄዳችሁ በፊት ባንኩን አናግሩ፣ የምትሄዱበትን አገር አስከፍቱ። የባንኩን አፕ ይዛችሁ በምትሄዱት ስልክ ላይ አስገብታችሁ፣ እዚያው አገር እያላችሁ ሞክሩት። ኮድ የሚቀበለውን ሲም በሁለተኛው ቦታ አኑሩት፤ ሮሚንግ መሥራቱንም አረጋግጡ። የባንኩን የአደጋ ጊዜ ስልክ ወረቀት ላይ ጻፉ፣ ስልክ ይጠፋል፣ ወረቀት ኪስ ውስጥ ይቀራል። ሁለት ካርድ፣ ከሁለት ባንክ። ጥቂት ጥሬ ገንዘብም ያዙ፣ ፋራ ብትባሉም ግድ የላችሁም!

ብዙ ጊዜ ይህን ካደረጋችሁ ፕሮክሲም ቪፒኤንም አያስፈልጋችሁም። በራሳችሁ ስልክ፣ በራሳችሁ ዳታ፣ አድራሻውን ራሳችሁ ጽፋችሁ ወይም በባንኩ አፕ መግባት በቂ ነው። የሆቴልና የካፌ ዋይፋይ ለዘፈን ይሁን።

ገጹ እንደ ወዳጄ ባንክ ከውጭ የሚመጣን የሚዘጋ ከሆነስ? የአጎቱ ልጅ የነገረችን ጥሩው ዘዴ የራስን ቤት መጠቀም ነው። ጀርመን ውስጥ በብዙ ቤት ያለው ፍሪትዝቦክስ የሚባለው የኢንተርኔት ሳጥን በራሱ ቪፒኤን መስጠት ይችላል፤ ከመሄዳችሁ በፊት አስተካክላችሁት ብትወጡ፣ አታት ተቀምጣችሁ በራሳችሁ ሳሎን በኩል ባንክ ትገባላችሁ። መሀል ላይ እንግዳ ሰው የለም። እሱ ካልሆነ የሚከፈልበት፣ ባለቤቱ የሚታወቅ ቪፒኤን ይዛችሁ ሁልጊዜ በአንድ አገር በኩል ብቻ ግቡ። ጠዋት በፓሪስ፣ ከሰዓት በሲንጋፖር የሚገባ ደንበኛ ለባንክ ዓይን ሌባ ነው የሚመስለው፤ ይዘጋባችኋል። ባንካችሁ በቪፒኤን መግባትን ይፈቅድ እንደሆነም ጠይቁ። የምትኖሩበትን አገር ለመዋሸት ከተጠቀማችሁበት ግን ሒሳባችሁን እስከመዝጋት ሊደርሱ ይችላሉ።

የተገላቢጦሹም አለ። የወዳጄ አክስት ልጅ ዱባይ ናት፤ ደመወዟን አገር ቤት ባንክ ታስቀምጣለች። የባንኩ ኮድ የሚመጣው በኢትዮጵያ ቁጥሯ፣ ሲሙም ያለው አታት፣ ወንድሟ ጋ። በየጊዜው በስልክ «ኮዱን አንብብልኝ» ትለዋለች። እሱ ታማኝ ነው፤ ግን አንድ ቀን እንደ እሷ ሆኖ የሚደውል ሌላ ሰው ቢመጣስ? «ከባንክ ነው የምንደውለው» የሚል ቢመጣስ? ሲሙ ከባለቤቱ ጋር ይሂድ። ካልሆነ ባንኩ ሄዶ ቁጥሩን ማስቀየር ነው።

በዚያ ላይ እዚያ አገር ልጆቹ ድምፅ ለመደዋወል ሲሉ ቪፒኤን ይከፍታሉ፣ ሳይዘጉት ባንክ ይገባሉ። የተባበሩት አረብ ኤምሬትስ በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጡት የሳይበር ወንጀል ሕግ፣ ወንጀል ለመሥራት ወይም እንዳይታወቅ ለማድረግ በሐሰተኛ የኢንተርኔት አድራሻ የተጠቀመ ሰው በእስራትና ከ500,000 እስከ 2 ሚሊዮን ድርሃም፣ ወይም ከሁለቱ በአንዱ ይቀጣል። የራስን ባንክ መክፈት ወንጀል አይደለም። ቢሆንም በሰው አገር፣ በማታውቀው ቋንቋ «ምን ስትሠሪ ነበር?» ተብሎ ከመጠየቅ ይሰውራችሁ። ባንክ ስትገቡ አጥፉት።

እኛስ አዲስ አበባ ያለነው? በ2015 ዓ.ም. ከየካቲት እስከ ሐምሌ ፌስቡክ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ ሲገደቡ ያወረድናቸው ነፃ ቪፒኤኖች ትዝ ይሏችኋል? እስቲ ስልካችሁን ተመልከቱ፣ አሁንም አለ አይደል? የእኔ ሁለት ነበር! ማታውኑ ጀፎሮው ላይ ተቀምጬ አጠፋኋቸው። እንደ ሰኔ 2012 ዓ.ም. ኢንተርኔቱ ጭራሽ ሲቋረጥ ደግሞ ቪፒኤንም አያድንም፤ ኢንተርኔት የማይፈልገው የኮድ አገልግሎት፣ የንግድ ባንኩ 889ም ሆነ የቴሌብሩ 127፣ ለዚያ ነው ያለው።

እንደ ወዳጄ ስህተቱን ከሠራችሁት ደግሞ ሰኞን አትጠብቁ። ከሚያስተማምን ስልክ ፓስወርዱን ወዲያው ቀይሩ፣ ባንኩን ደውላችሁ አሳውቁ። ያው ፓስወርድ ኢሜይላችሁም ላይ ካለ እሱንም ቀይሩ፤ ሌባው ቀጥሎ የሚሞክረው እሱን ነውና።

የሰንጋው ዕዳ

ወደ አባትየው ልመለስ። ወዳጄ ያን ዕለት ማታ ሊነግራቸው አፉ አልታዘዝ አለው። እኔን ወደ ጥግ ወስዶ «በቴሌብር ምን ያህል አለህ?» አለኝ። የነበረችኝን ላክሁ፤ ለእህቱ አንሶላና ለመኪና ሆነች። ለሰንጋው ግን ጠብ የምትል አልነበረችም።

አባቱ አውቀዋል ለካ። ልጃቸው ክትፎ ሲቀርብለት አንገቱን ሲደፋ ያላዩ መስሎት ነው። በማግሥቱ በጠዋት ጋቢያቸውን ደርበው የሠፈሩ እቁብ ሰብሳቢ ዘንድ ሄዱ። ወዳጄ ከኋላ እየተከተለ «አባ፣ ተዉ፣ እኔ እልካለሁ» ይላል። እሳቸው ዘወር ብለው እንኳ አላዩትም። ሰብሳቢው የተጣጠፈ ደብተራቸውን አውጥተው፣ የዚያን ሳምንቱ ዕጣ ለእሳቸው እንዲወጣ ባለዕጣውን አስማምተው፣ በእርሳስ ጻፉ። ፓስወርድ የለ፣ ኮድ የለ። ሻጩ ገንዘባቸውን ቆጠሩ፣ መረቁ፣ ሄዱ።

ወዳጄ ከዚያ በኋላ ሁለት ቀን ከሰው አልተቀላቀለም። አዳብና ላይ ወጣቱ ሲጨፍር እሱ ዳር ቆሞ ያያል። ዘጠኝ ዓመት ሠርቶ፣ የአባቱን እቁብ በልቶ ሊመለስ ነው። ይህን ሲነግረኝ ድምፁ ይቆራረጥ ነበር። ምን እለዋለሁ? ዝም ብዬ አጠገቡ ቆምኩ።

እህቱ በሰላም ተገላገለች። ሴት ልጅ። ምጡ በሌሊት መጣባት፤ እኛ ስንሰማ ጠዋት ሆኗል፣ ሕፃኗም ጠብታ ተኝታለች። ወዳጄ ታቅፏት ብዙ ቆየ። «ስም አውጣላት» ሲሉት እንቢ አለ፤ አባቱ ያውጡ አለ።

ወደ ፍራንክፈርት የተመለሰው በጥቅምት መጀመሪያ ነው። የገባ ዕለት ማታ ፎቶ ላከልኝ። በሩ ሥር መሬት ላይ የወደቀ ነጭ ፖስታ፣ የባንኩ ማኅተም ያለበት። ከእሱ አሥራ አንድ ቀን ቀድሞ ደርሶ ሲጠብቀው ነበር። በማግሥቱ የእቁቡ ገንዘብ አታት ገባ። እኔም የላክሁት በቴሌብሬ ተመለሰልኝ፣ ለስልኩ ሙዚቃ ያወጣነው ሲቀር።